የቆመ መኪና ፎቶግራፍ ለነጌሌ ነጋዴ ምን ይነግረዋል?

ከዲላ እስከ ሞያሌ፣ ከክብረ መንግሥት እስከ ነጌሌ ቦረና ባሉት የደቡብ ከተሞች ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የጭነት መኪና መግዛትን ነው። ደላላው የሚያቀርብለት ሒሳብም የታወቀ ነው። መኪናው ይህን ያህል ያወጣል፣ በወር ይህን ያህል ጊዜ ይመላለሳል፣ በአንድ ጉዞ ይህን ያህል ከብት ወይም ኩንታል ይጭናል፣ ስለዚህ ገንዘቡ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይመለሳል ይባላል። በወረቀቱ ላይ መኪናው ሁልጊዜ ይሄዳል። ቆሞ የሚያድር መኪና በደላላ ወረቀት ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሒሳብ ጥሩ ማረሚያ የሚሆኑት ማንም ለገበያ ጥናት ይጠቅማሉ ብሎ የማይገምታቸው ነገሮች ናቸው። እነሱም በየቤቱ ሳጥን ውስጥ፣ በየፎቶ ቤቱ መደርደሪያና በየቤተ መዛግብቱ የሚገኙት የቀድሞ ዘመን የመኪና ፎቶግራፎች ናቸው። በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ቆሟል። በዙሪያው ሰዎች አሉ፤ በርሜል አለ፤ የተፈታ ጎማ አለ፤ አካፋ የያዘ ሰው አለ። በላዩ ላይ ደግሞ ከጭነቱ ጋር የተቀመጠ መንገደኛ አለ።

በእርግጥ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ፎቶግራፍ አንሺው የሚያነሣው መኪናው ሲቆም ነው፤ በሚሄድ መኪና ዙሪያ አቧራ እንጂ ሌላ ምን ይታያል? የሚል ክርክር ያስኬዳል። መልሱ ግን ቀላል ነው። ቁም ነገሩ መኪናው መቆሙ ሳይሆን ሲቆም በዙሪያው ምን አለ የሚለው ነው። የዚያ ዘመን ወጪና ትርፍ ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ላይ ነውና።

የአዲስ አበባውን ታሪክ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ወዲያው በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የሚባል መኪና ይዞ ተከተለ። ከሁለቱም በፊት አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ በእንፋሎት ይሠራ የነበረ ሲሆን ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ይለው ነበር። የግቢ ፎቶግራፎች መኪናን የሚያሳዩት እንደ ብርቅ ዕቃ ነው። መኪናው ተወልውሏል፤ ሰዉ በማዕረጉ ተሰልፏል። ስለ ሥራና ስለ ገበያ ግን ከእነዚህ ፎቶግራፎች የሚገኘው ትምህርት ትንሽ ነው። ሥራው የተጀመረው መኪናው ከግቢ ወጥቶ ጭነት ሲጭን ነው።

ወደ ደቡብ ቆላ ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሜጋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን በዚያ አገር ስለ ቆየባቸው 7 ዓመታት የጻፈውና በ1927 እ.ኤ.አ. ለንደን የታተመው መጽሐፍ የበቅሎና የግመል ዓለም ነው። ጭነቱ የሚሄደው በእንስሳ ጀርባ፣ ፍጥነቱም የሚለካው በውሃ ጉድጓዶች ርቀት ነበር። የቦረናው ነጋዴ ሒሳቡን በዚያ መሠረት ያውቀው ነበር። ግመል በየስንት ቀኑ ውሃ እንደሚፈልግ፣ አህያ ምን ያህል ጨው ከኤል ሶድ እንደሚያወጣ፣ በቅሎ የት እንደምትደክም ያውቃል። መኪና ሲመጣ ይህ ዕውቀት ዋጋ ያጣ መሰለ።

መኪና በብዛት ወደዚያ አገር የገባው በንግድ ሳይሆን በጦርነት ነው። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነሥቶ የገናሌን ወንዝ ይዞ ወደ ነጌሌ ሲገፋ ዋናው መሣሪያው ከአውሮፕላኑ ቀጥሎ የጭነት መኪናው ነበር። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከአሜሪካ የተገዙ ናቸው። በአንጻሩ የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት ከሲዳሞ ደጋ ቆላ የወረደው አብዛኛው በእግሩ ነው። ስንቅ አልደረሰውም፤ በወንዙ ዳር ውሃ ፍለጋ ሲወርድ ደግሞ ከአየር ይመታ ነበር። ጣሊያኖቹ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን መንገድ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ አቋርጠው ነጌሌን ያዙ። ግራዚያኒም በኋላ «የነጌሌ ማርኪስ» ተብሎ በከተማይቱ ስም ማዕረግ ተሰጠው። ራስ ደስታ እስከ የካቲት 1929 ዓ.ም. ሲዋጉ ቆይተው ተይዘው ተገደሉ።

ኢስቲቱቶ ሉቼ የተባለው የጣሊያን መንግሥት የፊልምና የፎቶ ድርጅት ለፕሮፓጋንዳ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። ተሰልፎ የሚሄድ መኪና ይበዛባቸዋል፤ የተሰበረ መኪና ጥቂት ነው። ይህም ሆኖ የነጋዴ ዓይን ያለው ሰው ከሰልፉ ጀርባ የሚያነበው ነገር አለው። ወታደር ከሚጭነው መኪና ጎን ለጎን ነዳጅ ብቻ፣ ውሃ ብቻ፣ ጎማ ብቻ የሚጭን መኪና ነበረ። አንድ መኪና ለሥራ እንዲሄድ ሌላው መኪና እሱን ሊቀልብ መሄድ ነበረበት። ግራዚያኒ ይህን ወጪ የከፈለው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ዛሬ በነጌሌ መኪና የሚገዛ ግለሰብ ግን ወጪውን የሚከፍለው ከኪሱ ነው።

በዚያው ጦርነት ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍም ተነሥቷል። የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቡድን በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር መሪነት የጭነት መኪኖቹን ይዞ ወደ ራስ ደስታ ግንባር ወርዶ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብ ደበደቡት። ጉናር ሉንድስትረም የተባለው የቡድኑ አባልና ብዙ ቁስለኞች ሞቱ። ከድብደባው በኋላ በተነሡት ፎቶግራፎች ቀይ መስቀል የተሳለበት ነገር ሁሉ ተበሳስቶ ይታያል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን እነዚያ መኪኖች እዚያ መድረሳቸው ራሱ ነው። ስንቱ ወንዝ ተሻግሮ፣ ስንቱ ቦታ ተቆፍሮ እንደ ደረሱ ቆላውን የሚያውቅ ሹፌር ያለ አስረጂ ይገባዋል።

ከ5 ዓመት በኋላ ተራው የእንግሊዞች ሆነ። የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኬንያ ተሻግሮ ሜጋን የያዘው የካቲት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በደረቅ አገር ላይ ዝናብ ድንገት ሲወርድ ምን እንደሚሆን የቦረና ሰው ያውቃል። ጥቁሩ አፈር መኪናውን ይውጠዋል። በዓለም የታወቀ የሞተር ኃይል የነበረው ጦር በጭቃ ተይዞ ሰው በትከሻው ገፋ። እንግዲህ በ5 ዓመት ልዩነት ሁለት ጦር በአንድ አገር ሲያልፍ አንዱን ያስቸገረው ጥማት፣ ሌላውን ያስቸገረው ዝናብ ነው። የደላላው ወረቀት ከሁለቱ አንዱንም አይጠቅስም።

ቋንቋው ሲመሰክር

ፎቶግራፍ ድምፅ የለውም፤ ቋንቋ ግን የጎደለውን ይሞላል። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ጥቂት የማይባሉ መካኒኮችና ሹፌሮች እዚሁ ቀርተዋል። ጋራዥ ከፈቱ፤ ልጆች አሠለጠኑ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ የሆነው። ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ጋቢና፣ ታርጋ፣ ጎሚስታ፣ ላሜሪስታ ይባላል። ማንም የመኪናውን ዕቃ በአማርኛ ልጥራው ብሎ አልተቸገረም። ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ያለው ስም ጸደቀ።

ከእነዚህ ስሞች አንዱ ለገበያ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። ፊያት 634 የተባለው የናፍጣ መኪና ከ1931 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ሲመረት ቆይቶ በወረራው ዘመን ወደ አገራችን ገባ። ሕዝቡ «ትረንታ ኳትሮ» አለው፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ፋብሪካው መሥራት ካቆመ በኋላም በኢትዮጵያና በሶማሊያ መንገዶች ለብዙ ዘመን ሠርቷል። ከእሱ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ «ኤንትሬ» ተብሎ ተሳቢውን እየጎተተ አገር አቀና። እነዚህ መኪኖች ይህን ያህል ዕድሜ ያገኙት ብረታቸው ስለ ጠነከረ ብቻ አይደለም። በየከተማው የሚያውቃቸው መካኒክ፣ ከአንዱ ሬሳ ለሌላው የሚፈታ ዕቃ፣ ባሌስትራ የሚቀጠቅጥ አንጥረኛ ስለ ነበረ ነው። አዲስና ርካሽ ነው ተብሎ የሚገዛ መኪና ይህ ሁሉ ከሌለው የመጀመሪያው ስብራት የመጨረሻው ይሆናል። ዛሬ እነዚያ አሮጌ አካላት ለብረት ማቅለጫ በኪሎ ሲሸጡ ማየት ያሳዝናል፤ ነጋዴ ግን በሐዘን አይገዛም።

ከነጻነት በኋላ በተነሡት የቤተሰብ ፎቶግራፎች ላይ መኪናው የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ርዕስ ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡት የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ፎቶግራፎች የዚያን ዘመን የከተማ ኑሮ ያሳያሉ። በክፍለ ሀገር ከተሞች ያለው ግን እስካሁን በየቤቱ ነው። የክፍለ ሀገሩ ፎቶግራፍ ከዋና ከተማው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ሰው የሚቆመው ከትንሽ መኪና ጎን ነው፤ በቆላ ከተሞች ግን ከጭነት መኪና ጎን። ምክንያቱም በዚያ አገር አውቶቡሱም፣ የፖስታው መኪናም፣ የሙሽራው ማጓጓዣም እሱ ነበር። ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ባለ ገንዘቡ ወይም ባለ ሥልጣኑ ነው። ሌላው ሰው ከቆዳው፣ ከቡናው፣ ከዕጣንና ከሙጫው ጆንያ ላይ ይወጣል። ረዳቱ ደግሞ ታኮውን ይዞ ከኋላ ጎማ አጠገብ ይቆማል። ፍሬን ከሚታመን ረዳቱ ይታመን ነበር።

የመንገደኛው ሒሳብ መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ባለመኪናው በአንድ ጉዞ ያገኘው ገቢ የጭነቱ ኪራይ ብቻ አልነበረም። ከላይ የተሳፈረው ሰው የሚከፍለው አለ፤ ወዲህ ሲመለስ ባዶ ላለመምጣት የሚጫነው ጨውም አለ። ዛሬ ከነጌሌ ከብት ጭኖ ወደ አዳማና ሞጆ የሚሄድ መኪና ሲመለስ ምን ይጭናል? ብዙውን ጊዜ የደላላው ወረቀት የሚፈርሰው በመልስ ጉዞው ላይ ነው።

ፎቶግራፉ የተነሣበትን ዘመን ለማወቅ ለሚፈልግ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሸጋገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ሲተላለፉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከተገኘ በየትኛው ወገን እንደሚያልፉ ማየት ብቻ ዘመኑን ለሁለት ይከፍለዋል። መሪው በየትኛው በኩል እንደሆነ ማየት ግን አያስተማምንም፤ የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበርና። ሞያሌ ላይ ይህ ታሪክ አላለቀም። ኬንያ እስከ ዛሬ በግራ ስለምትነዳ ድንበሩን የሚያልፍ ሹፌር ወገን ይለውጣል።

ውሃ የማን ነው?

በቆላ ፎቶግራፎች ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ዕቃ በርሜል ነው ተብሏል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ነዳጅ አይደለም። የራዲያተር ውሃ ከነዳጅ እኩል የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። ቦረና ደግሞ ውሃ በሕግ የሚተዳደርበት አገር ነው። «ቱላ» የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ባለቤት ጎሳ፣ የመጠጫ ተራ፣ ተራውን የሚያስጠብቅ «አባ ሄረጋ» አላቸው። ከብት፣ ግመልና ፍየል በየተራቸው ይጠጣሉ። መኪና ግን ጎሳ የለውም። ሹፌሩ ውሃ ለማግኘት ሰው ማወቅ፣ መለመን ወይም መክፈል ነበረበት። እንግዲህ በቆላው የመኪና ንግድ መጀመሪያ የተሸጠው ሸቀጥ ትውውቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዱብሉቅን መመልከት ይበቃል። ቦታው ከቱላዎቹ አንዱ ያለበት ነው፤ ዛሬ ደግሞ በሞያሌ መንገድ ላይ የታወቀ የከብት ገበያ ነው። ከብቱን የሰበሰበው ውሃ፣ መኪናውንም አስቁሟል። መኪናው በቆመበት ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ አጠገብ ጎሚስታ፣ ከዚያም ሱቅ መከፈቱ የማይቀር ነው። ቦታውን መኪናው አልመረጠውም፤ ውሃው ቀድሞ መርጦታል።

በነጌሌም ቢሆን ውሃ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አገሪቱ በሙሉ የምታስታውሰው ምክንያት አለ። በጥር 1966 ዓ.ም. የነጌሌው አራተኛ ብርጌድ ወታደሮች ያመፁት በምግብና በውሃ ምክንያት ነው። ፓምፓቸው ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው ከእነሱ ምግብና ውሃ እንዲቀምሱ አደረጓቸው። ከወራት በኋላ ዘውዱ ወረደ። አንድ ፓምፕ በወቅቱ ቢጠገን ኖሮ ዘውዱ ይተርፍ ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን ለጥገና የሚወጣ ወጪን እንደ ትርፍ ወጪ የሚቆጥር ሰው ይህን ታሪክ ቢያስብበት አይጎዳም።

አዲሱ በርሜል

ይህ ሁሉ የአሮጌ ዘመን ወሬ ነው የሚል አንባቢ ካለ ወደ ዛሬው ገበያ ይመለስ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ቆይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ መለዋወጫ በብር ሲገዛ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ከዚህ በፊት በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በዝቶ የሚታየው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንዳንድ ደላሎች አሁን ይህንኑ መኪና ለደቡብ ቆላ ከተሞች ታክሲና አነስተኛ ማጓጓዣ ይሆናል እያሉ ማግባባት ጀምረዋል። ነዳጅ የለበትም፣ ዘይት የለበትም፣ ወጪው ትንሽ ነው ይላሉ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ግን ፎቶግራፉን መልሶ ማየት ያስፈልጋል፤ በርሜሉ የት አለ? የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች በብዛት ያሉት በዋና ከተማው ነው። የባትሪ መካኒክ በየጎሚስታው ጎን ገና አልበቀለም። ሬሳ መኪና ገና ስለሌለ ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው መግጠምም የለም። በሌላ አነጋገር አዲሱ መኪና በቆላው የሚገኘው ትረንታ ኳትሮ በነበረበት ደረጃ ሳይሆን ሲድሌይ በነበረችበት ደረጃ ላይ ነው። ባለቤቷ ንጉሠ ነገሥት ለሆነ መኪና ይህ ችግር አይደለም። በዕቁብና በብድር ለተገዛ መኪና ግን ችግር ነው።

የሚያስገርመው ኃይሉ ሩቅ አለመሆኑ ነው። የገናሌ ዳዋ 3 የኃይል ማመንጫ በ2012 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 254 ሜጋ ዋት ነው። ወንዙ ያው ገናሌ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የራስ ደስታ ሠራዊት ለውሃ ሲል ያለቀበት፣ የግራዚያኒ መኪኖች ዳርዳሩን የወጡበት። ያኔ ነዳጁ በመርከብ ሞቃዲሾ፣ ከሞቃዲሾ በመኪና ዶሎ፣ ከዶሎ በበርሜል ወደ ላይ ይመጣ ነበር። አሁን ኃይሉ የሚመነጨው እዚያው ሆኖ ወደ ብሔራዊው መስመር ይገባል። ጉድለቱ ከመስመሩ እስከ መኪናው ያለው የመጨረሻው ጥቂት ሜትር ነው፤ ያን ጥቂት ሜትር የሚሸጥ ነጋዴ ግን በነጌሌ ገና አልተነሣም።

ስለዚህ ገንዘብ ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ደላላውን መጠየቅ ያለበት ስለ መኪናው ዋጋ ብቻ አይደለም። መኪናው በወር ስንት ቀን ይቆማል? ሲቆም ማን ይጠግነዋል? ዕቃው የሚመጣው ከየት ነው፣ በስንት ቀን? ዝናብ ሲጥል ከብቱን ጭኖ የት ያድራል፣ ከብቱስ እስኪነጋ ምን ያህል ይከሳል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ደላላ መኪና እንጂ ሥራ አይሸጥም። መልስ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መኪናውን ትቶ ጋራዡን፣ የጎማውን ሱቅ ወይም የመንገድ ዳሩን ቦታ ራሱ ይገዛል።

የክልከላው ማስታወቂያ የተናገረው ስለ አውቶሞቢል ነው። ከነጌሌና ከዱብሉቅ ከብት የሚጭነው መኪና ዛሬም በናፍጣ ይሠራል፤ ረዳቱም ዛሬ ታኮውን እንደ ያዘ ነው።